በዶሮ ፍርሃት በሃምሳ የጾመ አባት

ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ ሻንጣው ውስጥ መጀመሪያ የሚከተው ፍርሃቱን ነው። ልብሱ በተረፈው ቦታ ይገባል። ፍርሃት ደግሞ፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የቅርብ ነገር አይወድም። የሰፈሩን ውሻ የለመደ ሰው የማያውቀውን አገር ድመት ይፈራል። እኔን ተመልከቱኝ። አትላንታ አጠገብ ፓይን ሌክ ካለው ቤቴ ተነሥቼ ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለው ሥራዬ ስሄድ፣ አንዱ ስልኩን እየነካካ፣ አንዷ ኩሏን እየተኳለች በሚነዱበት ሀይዌይ መሐል ገብቼ እወጣለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጉልበቴ አልራደም። ከውቅያኖስ ማዶ ያለ አንድ አውራ ዶሮ ግን፣ ያውም እግሩን በገመድ የታሰረ፣ አንቀጥቅጦኛል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ለእኔ ተብሎ የተተረተ ይመስለኛል። ደረሰም፣ ወረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ማርታ ባል አገኘች። ልጁ ሚን ይባላል፤ የቬትናም ሰዎች ልጅ ነው፣ ዶራቪል ያደገ። እናትና አባቱ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ግሮሰሪ አላቸው፤ የምናውቀው ጎመንና ዝንጅብል ስሙን ከማናውቀው ዓሣ ጋር ጎን ለጎን የሚሸጥበት። ስለ ልጁ ክፉ የምናገረው ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ የሴት ልጅ አባት ደግሞ መፈለግ ግዴታው ነው። የእኛ ልጆች የጣሉትን «እርስዎ» እሱ ከየትም ተምሮ አንሥቶታል። «ጋሽ ለማ፣ እንደምን አመሹ?» ሲለኝ ማርታ ደንግጣ ታየዋለች፤ እሷ ቄሱንም «አንተ» ነው የምትለው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በሚን ቤተሰብ አያትየዋ ሳይፈቅዱ ጋብቻ የለም። ባ ይሏቸዋል፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። የሚኖሩት ከሃኖይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ከዕድሜያቸው የተነሣ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ልጅቷን ብቻ ሳይሆን የወለዷትንም ልይ፣ ከዚያ በኋላ እሺም እንቢም እላለሁ ብለዋል። ከዚህ በፊት ለአንድ የሚን አክስት ልጅ እንቢ ብለው፣ ልጁ አልቅሶ ቀርቷል። ሚንም ማርታን የቱንም ያህል ቢወድ ባን አሳዝኖ አያገባም። ማርታ ይህን ስለምታውቅ ሁለት ወር ሙሉ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። እንግዲህ አስቡት፤ በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን ነው። የሴት ልጅ አባት ወንበሩ ላይ ተኮፍሶ «አስበን እንነግራችኋለን» ይላል እንጂ፣ ሻንጣ እየጎተተ ልጄን ውሰዱልኝ ሊል ባሕር ይሻገራል? እኔ ተሻገርኩ።

ከመሻገሬ በፊት ግን የመንገደኛ ክትባት ልወጋ ሄድኩ። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ክፍል ማመላለስ ነው፤ ዘመዶቼ ግን ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር የሚደውሉት ለእኔ ነው። ሐኪም አጠገብ ይህን ያህል ዘመን አልጋ የገፋ ሰው ግማሽ ሐኪም ነው፤ ግማሽ ሐኪም ደግሞ ከሙሉው ይልቅ ብዙ በሽታ ያውቃል። ነርሷ ከወጋችኝ በኋላ፣ ወደ እስያ ከሆነ የምትሄደው ይህን አንብብ ብላ ስለ ወፍ ጉንፋን የሚናገር አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

ወረቀቱ የሚለው ቀላል ነው። በሕይወት ያሉ ዶሮና ዳክዬ ወደሚሸጡበት ገበያ አትሂድ። በሕይወት ያለም ሆነ የሞተ ወፍ አትንካ፤ ኩሳቸው ያለበትንም አትርገጥ። እጅህን ቶሎ ቶሎ በሳሙና ታጠብ። ጥሬ ደም፣ ያልበሰለ ሥጋና እንቁላል አትብላ። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ በደንብ የበሰለ ዶሮ ችግር የለውም ይላል። እኔ ይህችን የመጨረሻዋን መስመር አላነበብኳትም። አይቻታለሁ፤ ግን አላነበብኳትም። ፍርሃት የያዘው ሰው ወረቀት ሲያነብ የሚያስፈራውን ብቻ እያሰመረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። ጆርጂያ የዶሮ አገር ናት። ከስደት እንደ መጣሁ የተቀጠርኩት ዶሮ ፋብሪካ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ ያላለፈ ዶሮ የለም ማለት ይቻላል። አሁንም ቢሆን በየፋሲካው ከከተማ ወጥቼ፣ ገበሬ ቤት ሄጄ፣ ደህናውን አውራ መርጬ፣ በእግሩ ቁልቁል አንጠልጥዬ እመጣለሁ፤ በስመ አብ ብዬ የማርደውም እኔው ነኝ። ይኸው በሽታ አሜሪካ ውስጥ ዶሮ ሲፈጅ፣ አልፎም ላሞቹ ላይ ሲገኝ፣ እኛ ቤት የተወራው ስለ እንቁላል ዋጋ ብቻ ነበር። በእኛ ሰፈር ሲሆን «እንቁላል ተወደደ» እንላለን፤ በሰው አገር ሲሆን «ወረርሽኝ ገባ» እንላለን።

ባለቤቴ ስንዱ ሻንጣዬን ከፍታ የጭንብሉን ብዛት ስታይ፣ ቀዶ ጥገና ልትሠራ ነው የምትሄደው ወይ አለችኝ። ማርታ ግን አልሳቀችም። «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ እዛ ሄደህ ኢምባራስ እንዳታደርገኝ። ባ ኖ ካለች አለቀ» አለችኝ። እኔም የእናቴን ስም ጠርቼ ማልኩላት።

ከስንዱ፣ ከማርታና ከሚን ጋር ሃኖይ ስንገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ጭንብል ስላደረግሁ ማንም አላየኝም እንጂ። በመንገዱ የሚፈስሰው መኪና ሳይሆን ሞተር ሳይክል ነው። አንዱ ሞተር አባት፣ እናትና ሁለት ልጅ ጭኗል፤ ሌላው ማቀዝቀዣ ጭኗል፤ ሌላው ሰውየው እስከማይታይ ድረስ አበባ ጭኗል። ማንም ማንንም አይገጭም፤ ማንም ወርዶ አይሳደብም። የሰው ልጅ ለካ እንዲህም መኖር ይችላል ብዬ እየተደነቅሁ ሳለ፣ ከመስኮቴ አጠገብ አንድ ሞተር ቆመ። ከኋላው በቀርከሃ ቅርጫት ሙሉ ዶሮ ጭኗል። አንዷ ዶሮ ዓይን ለዓይን ገጠመችኝ። መስኮቱ ዝግ ነው። እኔ ግን በጭንብሌ ላይ ሁለተኛ ጭንብል ደረብኩ።

እማማ ባ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። «እማማ» የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ፤ አንዲት ፊደል ብቻ አንሥቶ ትልቅ ሰው መጥራት አፌ እንቢ አለኝ። ቁመታቸው ደረቴ አይደርስም፤ ሆኖም ፊታቸው ስቆም እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ልሳለማቸው ስጠጋ መዳፋቸውን ዘርግተው አቆሙኝ። ከበሩ ሥር ኖራ የተነሰነሰበት ዝርግ ሣጥን አለ፤ መጀመሪያ በጫማችሁ እዚህ ርገጡ አሉን። ቀጥሎ ውኃና ሳሙና መጣ። ከዚያ በሚን በኩል ይጠይቁኝ ጀመር። ከአሜሪካ ነው የመጡት? እዚያ የወፍ ጉንፋን አለ አይደል? በቅርቡ ዶሮ ነክተዋል? ሚን እያከበረ «ነክተዋል» ይላል፤ የእሳቸው ዓይን ግን «ነክተሃል» ነው ያለኝ።

እኔን! ጭንብል በጭንብል የደረብኩትን ሰው! መዋሸት አልቻልኩም፤ ለፋሲካ ገበሬ ቤት ሄጄ አውራ ዶሮ ገዝቼ በእጄ ይዤ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አልኩ። እማማ ባ ፊታቸው ተለወጠ። አምስት ቀን ዶሮ ቤቴ አጠገብ እንዳይደርሱ፣ ጫማቸውም ከደጅ ይቀመጥ ብለው ፈረዱ። ከእስያ ወፎች ራሴን ልጠብቅ ሄጄ፣ የእስያ ወፎች ከእኔ ተጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሚን ፊቱ በደስታ እያበራ፣ ነገ ጠዋት ለእርስዎ ክብር አውራው ይታረዳል አለኝ። በጣቱ አሳየኝ። ሎሚው ዛፍ ሥር ታስሮ ቆሟል። ላባው እንደ ተወለወለ ነሐስ ነው፤ እግሩ የሕፃን ክንድ ያህላል። ሦስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ እንደዚያ ያለ ዶሮ አላየሁም። መጀመሪያ ለሞቱት አያት ቅድመ አያቶቻቸው መታሰቢያ ይቀርባል፣ ከዚያ እንግዳው ይቀምሰዋል፤ እንግዳው ካልቀመሰ ግን ቤቱን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ማርታ እጆቿን ጭኗ ላይ ጨብጣ ታየኛለች። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። የበሰለ ዶሮ ችግር የለውም የምትለዋ መስመርም እዚያው ኪሴ ውስጥ ናት። እኔ ግን የታየኝ ማን እንደሚያርደው፣ ደሙ የት እንደሚፈስስ፣ ላባው በየት በኩል እንደሚበንን ነው።

የእኛ ሰው ሲጨንቀው የሚያመልጥባት አንዲት የጓሮ በር አለችው። ከግብዣ ታስወጣለች፣ ከማይወደው ምግብ ታድናለች፣ ማንም አይከራከርባትም። በእሷ ወጣሁ። «ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

የስንዱ ሲኒ በአፏና በጠረጴዛው መሐል አየር ላይ ቀረ። ምክንያቱን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የጾመ ቢገኝ ቄሱ ራሳቸው ይቆጡታል። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ለዚህ ውሸት ፈጽሞ የማይሆኑትን ሃምሳ ቀናት መርጬ፣ መሐላቸው ገብቼ ዋሸሁ። ስንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለማ! በሃምሳ?» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

ሚንም ያውቃል። ፋሲካ ዕለት ጾም ሲፈታ ቤቴ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ዶሮ ወጥ ያስጨመረ ልጅ እንዴት አያውቅም? አየኝ። እኔም አየሁት፤ በዓይኔ ለመንኩት። ከዚያ ወደ አያቱ ዞሮ፣ ቅንድቡ እንኳ ሳይነቃነቅ ተረጎመው። ዋሽቶ ማስታረቅ እኛ ብቻ የምናውቀው ጥበብ ይመስለኝ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ይህ ልጅ አማቼ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እማማ ባ ግን በዚያ አላበቁም። የምን ጾም ነው አሉ። ውሸት ደግሞ አንዱ ብቻውን አይቆምም፤ ደጋፊ ይፈልጋል። «ለልጄ ትዳር የተሳልኩት ነው» አልኩ። እስከ መቼ? እስክንመለስ። ስንት ቀን? ስምንት ቀን። እሳቸው ተነሥተው ሄደው የዶሮውን ገመድ በገዛ እጃቸው ፈትተው ዶሮ ቤት አስገቡት። ተመልሰው መጥተውም፣ አባት ለልጁ በሚጾምበት ቤት ደም አይፈስስም፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ሁሉ አብሮት ይጾማል፤ ዓሣም እንቁላልም ወደ ማድ ቤት አይገባም አሉ። እሳቸው ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ሥጋ የማይበሉ ሴት ናቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ አስረጂ አይሹም። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል፤ እዚህ ግን ዶሮው ዳነና ካራው ለእኔ ወጣ።

ስምንት ቀን ቶፉ በላን። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ መልኩ አይብ፣ ጣዕሙ ደግሞ ምንም የሆነ ምግብ ነው። ምንም የሆነውን ነገር በቲማቲም፣ በእንጉዳይ፣ በዝንጅብል እያደረጉ እንዴት እንደሚያጣፍጡት ግን እግዜር ይመስክር። የግቢው ኩሬ በዓሣ የተሞላ ነው፤ እየዘለለ ያየኛል። በሦስተኛው ቀን ስንዱን፣ ዓሣ እኮ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ ብላት፣ በሌለ ጾም ውስጥ ሕግ ታወጣለህ እንዴ አለችኝ። ምስኪን፣ እሷ ምንም ሳትዋሽ ነው አብራኝ የጾመችው።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ለልጁ የሚጾመውን ሰው ለማየት ጎረቤት ይመጣ ጀመር፤ አሮጊቶቹ እጅ ይነሱኛል፣ አንዱ ሽማግሌ ከጓሮው ሐብሐብ አመጣልኝ። ከሁሉ የባሰው ማርታ ናት። የጾም ካሌንደር የምታውቅ ልጅ አይደለችም። አቅፋኝ «ዳዲ፣ ፎር ሚ ነው? ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ» እያለች አለቀሰች። እንደዚያ አቅፋኝ የምታውቀው ትምህርት ቤት ሳትገባ በፊት ነው። ምን ልበላት?

በአራተኛው ቀን እማማ ባ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈሉ ጠሩኝ። ሚን መሐላችን ተቀምጦ ይተረጉማል። በሽታው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወደ መንደሩ ገቡ አሉኝ። የታመመውንም ጤነኛውንም ዶሮ ሰብስበው ቀበሩ። የእሳቸውን ማንም አልነጠቃቸውም፤ ራሳቸው በቅርጫት ተሸክመው ወስደው አስረከቡ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእነዚያ ዶሮዎች ነበር። ከማዶ ያለው ጎረቤታቸው ግን ጥቂት ደበቀ። ሆስፒታል ሄደ፤ አልተመለሰም። ይህን ሲሉ እጃቸው ባቄላ መፈልፈሉን አላቆመም። ከዚያ ወዲህ ነው ኖራው፣ ሳሙናው፣ የዶሮዎቹ ክትባት፤ አንዲት ዶሮ አንገቷን ከደፋች በዚያው ሰዓት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል።

አፈርኩ። እኔ ከወረቀት ላይ አንብቤ የምርበተበትለትን ነገር እሳቸው በእጃቸው አስረክበውት፣ አልቅሰውበት፣ እንደገና ከአንዲት ጫጩት ጀምረው አርብተውታል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሩቅ ቆሜ አያቸው ጀመር። ጭንብላቸውን ያደርጋሉ፣ ለዶሮ ቤት ብቻ የተለየውን ጫማ ያጠልቃሉ፣ ሲወጡ እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። አንድም ቀን አይዘነጉም፣ አንድም ቀን አይቸኩሉም። በሆስፒታላችን ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው አላየሁም። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማርታ ስትስቅ ሰምቼ ዘጋሁት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣችን በር ላይ ቆሞ፣ እማማ ባ ቤተሰቡ ሁሉ ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰብ አዘዙ። እስካሁን እሺም እንቢም አላሉም። ማርታ የሚንን እጅ ይዛ ቆማለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። እሳቸው ግን ወደ ዶሮ ቤቱ ገብተው፣ ያን አውራ አቅፈው መጥተው ፊቴ ቆሙ። ሚን ተረጎመ፤ ከሞት ያዳነው ሰው በገዛ እጁ ይልቀቀው፣ የእኛ ደንብ ነው፤ አምስቱ ቀን አልፏል፣ ዶሮውም ጤነኛ ነው፣ ይያዙት።

አያችሁልኝ? የበሰለውን፣ ችግር የለውም የተባለውን ዶሮ ሸሽቼ ስምንት ቀን ከረምኩ፤ አትንካ የተባልኩት ይኸው ከነላባው ከነምንቃሩ ቀረበልኝ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ጭንብሎቼ ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ስንዱ አየችኝ። ማርታም አየችኝ፤ የሚጾምላትን አባቷን በምታይበት በዚያ ዓይን።

ያዝኩት። ሲከብድ! ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ የያዝኩት በእግሩ ነው፣ ቁልቁል። ደረቴ ላይ አስደግፌ ይዤ አላውቅም። ሙቀቱ በሸሚዜ ዘለቀ፤ ልቡ ከመዳፌ ሥር ፈጠን ፈጠን እያለ ይመታል፣ የእኔም እንደዚያው። ሁለታችንም ፈርተናል። በፋብሪካው መስመር ላይ በእጄ ያለፉት ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ አንዳቸውም ልብ እንደነበራቸው አስቤ አላውቅም ነበር። እማማ ባ እነዚያን ትንንሽ እጆቻቸውን በእጆቼ ላይ ጫኑ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። በእጄ የያዝኩትን ሕይወት፣ እኚህን ሴት፣ የዓለምን ስፋት አሰብኩና ፍርሃቴ የት እንደገባ ጠፋኝ። ዝቅ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት። ላባውን አራገፈ፣ ሁላችንንም ገርመም አደረገን፣ ቀስ ብሎ ሄደ።

እማማ ባ መጀመሪያ ያዘዙት ሳሙና ነው። እስከ ክርኔ አስታጠቡኝ። ከዚያ ወደ ማርታ ሄደው፣ ጎንበስ አድርገው ግንባሯን ስመው፣ አንዲት ቃል ተናገሩ። ሚን መተርጎም አልቻለም፤ ያለቅስ ነበር። ማንም ትርጉም አልጠየቀውም።

አትላንታ ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ሲስቁ መስቀላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። በኋላ ግን ኮስተር ብለው፣ ለሴትዮዋ እውነቱን በገዛ አፍህ ንገራቸው አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰኔ ሄደ፣ ክረምቱም ሄደ። ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ምን ብዬ ልጀምር? ቤት ሙሉ ሰው ስምንት ቀን ያስጾምኩት ዶሮ ፈርቼ ነው ይባላል?

ጥቅምት ላይ ሠርጉ ደረሰ። እማማ ባ በእሳቸው ቦታ ታላቅ ልጃቸውን፣ የሚንን አጎት፣ ላኩ። ከሚን ጋር ኤርፖርት ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሰውየው ጭንብል በጭንብል ደርበዋል። ልጨብጣቸው እጄን ስዘረጋ፣ ከኪሳቸው የእጅ ማጽጃ አውጥተው መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለራሳቸው አፈሰሱ። መኪና ውስጥ እንደገባን ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በጥንቃቄ ያነቡ ጀመር። ምንድን ነው ብዬ ሚንን ጠየቅሁት። ባ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ብለው በእጃቸው የጻፉት ምክር ነው አለኝ። አንብብልኝ አልኩት።

ዶሮ እርባታ ወዳለበት አትሂድ። ወፍ አትንካ። እጅህን በሳሙና ታጠብ። እንቁላሉም ዶሮውም በደንብ የበሰለ ይሁን። ሳቄን ያዝኩ፤ የእኔው ወረቀት ነው፣ ዓለምን ዞሮ መጣ። ሚን ግን ንባቡን አቆመ። ጆሮው ቀላ። «ጋሽ ለማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ይቀራል» አለ። በል አንብበው አልኩት።

«የሙሽራዋ አባት ‹ጾም ላይ ነኝ› ካለህ አትመነው፤ ዶሮ ፈርቶ ነው። ልጁ ካየችው ግን ያቅፈዋል።»